የጨዋታ ባይትኮድ ስክሪፕትን ወደሚነበብ ኮድ መመለስ፦ ከመጀመሪያው ባይት እስከ አማርኛው ጽሑፍ

አንድን ጌም አማርኛ ለማድረግ ወይም ምንጭ ኮዱ የጠፋበትን የራሱን የቆየ ሥራ ለማደስ የተነሣ ሰው፣ የስክሪፕት ፎልደሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ኮድ ሳይሆን ባይትኮድ፣ ማለትም ማሽን እንዲያነበው ወደ ቁጥር የተቀየረ ኮድ፣ ነው። በኖትፓድ ሲታይ የተሰባበረ ምልክት ነው፤ በመሀል አልፎ አልፎ የሚነበብ ቃል ብቅ ይላል። ፋይሉን ዲኮምፓይለር (ባይትኮድን ወደ ኮድ የሚመልስ ፕሮግራም) ውስጥ ከትቶ የወጣውን ማመን ደግሞ ቀላሉ ስሕተት ነው። ዲኮምፓይለር የሚሰጠው ግምት ነው፤ መልሶ ኮምፓይል ተደርጎ (ወደ ባይትኮድ ተቀይሮ) ትእዛዝ በትእዛዝ ከመጀመሪያው ጋር እስካልገጠመ ድረስ ግምት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ማረጋገጫ የሚወስድ መንገድ ነው። ዋናው ትኩረት ሉአ የሚባለው የስክሪፕት ቋንቋ ነው፤ ሉአጂት (ሉአን በፍጥነት የሚያስኬድ ሌላ ፕሮግራም) እና ፓይተን (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) በአጭሩ ይነሣሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ጃቫ፣ አንሉአክ የሚባለው ዲኮምፓይለር፣ ሄክስ ኤዲተር (የፋይልን ባይቶች በቁጥር የሚያሳይ)፣ ዩቲኤፍ-8 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደል አመዘጋገብ) የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ኤዲተር፣ ሁለት ፋይል የሚያወዳድር ፕሮግራም (ዊንመርጅ ይበቃል)፣ እንዲሁም የሉአ ኮምፓይለር፣ ማለትም ሉአክ፣ በየቨርዥኑ። የሉአ 5.1 ምንጭ ኮድ ታምቆ ከግማሽ ሜጋባይት በታች ስለሆነ ዳታ አይበላም። ከጃቫ በቀር ከባድ ነገር የለም። አንዴ ከተሰበሰበ ሁሉም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ያለ ሰው ደብረ ብርሃን ካለ ወዳጁ በፍላሽ መቀበል ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጡና «የሚነበብ ብቻ» አድርጓቸው። ባይትኮድን በኖትፓድ ከፍቶ «ሴቭ» ማለት ፋይሉን ያበላሸዋል፤ የመስመር መጨረሻ ምልክቶች ይቀየራሉ፣ ያልታወቁ ባይቶች በሌላ ይተካሉ፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ስለ ሕጉ ደግሞ፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። የራሳችሁን ጌም፣ ባለቤቱ የፈቀደላችሁን ወይም ፈቃዱ ማሻሻልን የሚፈቅድ ጌም ያዙ። ኢንተርኔት ላይ ከሌሎች ጋር የሚጫወቱትን ተዉት። እዚያ ክላየንቱን (እናንተ ጋ ያለውን የጌሙን ፕሮግራም) መነካካት አካውንት ያሳግዳል፤ ዋናው ስሌትም ሰርቨር ላይ ስለሆነ ትርፍ የለውም።

ፋይሉ ምን እንደሆነ መለየት

የፋይል ቅጥያ አይታመንም። ሉአ ተብሎ የተሰየመው ባይትኮድ ሊሆን ይችላል፤ ዳት የተባለው ደግሞ ንጹሕ ጽሑፍ። ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር ክፈቱና የመጀመሪያዎቹን 12 ባይቶች አንብቡ። ሄክስ ኤዲተር ቁጥሮቹን በአሥራ ስድስትዮሽ ያሳያል፤ እዚህ ሁሉም በአሥርዮሽ ተጽፏል። አብዛኞቹ ኤዲተሮች ጠቋሚው ያረፈበትን ባይት በአሥርዮሽም ያሳያሉ፤ ያላሳየ እንደሆነ የዊንዶውስ ካልኩሌተር በፕሮግራመር ገጹ ይቀይረዋል።

27፣ 76፣ 117፣ 97 ካያችሁ ሉአ ነው። አምስተኛው ባይት ቨርዥኑ ነው፦ 81 ማለት 5.1፣ 82 ማለት 5.2፣ 83 ማለት 5.3፣ 84 ማለት 5.4። ይህን ሳያዩ ዲኮምፓይለር መምረጥ የለም፤ የየቨርዥኑ ትእዛዞች ቁጥርና አቀማመጥ ይለያያል።

ሦስተኛው ባይት 74 ከሆነ፣ ማለትም 27፣ 76፣ 74፣ ያ ሉአጂት ነው፤ ተራ የሉአ መሣሪያ አይሠራበትም። 80፣ 75፣ 3፣ 4 ዚፕ ነው (የአንድሮይድ ኤፒኬም እንዲሁ)። 31፣ 139 ጂዚፕ ነው። 120 ብሎ ከጀመረና ቀጥሎ 1፣ 156 ወይም 218 ካለ በዚሊብ የታመቀ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ይፈታ።

የ5.1 ራስጌ (የፋይሉ መግቢያ ባይቶች) ሙሉ 12 ባይት ነው፤ በ32 ቢት ስልክ ላይ የተሠራ እንዲህ ይመስላል፦

27 76 117 97 81 0 1 4 4 4 8 0

ከ81 ቀጥሎ ያለው 0 መደበኛ ፎርማት ማለት ነው። 1 ትንሹ ባይት ይቀድማል ማለት ነው። ከዚያ መጠኖች ይከተላሉ፦ ኢንቲጀር 4፣ የርዝመት ቁጥር 4፣ አንድ ትእዛዝ 4፣ ቁጥር 8 ባይት። የመጨረሻው 0 ቁጥሮቹ ነጥብ ያላቸው መሆናቸውን ይናገራል። ዘጠነኛውን ባይት ልብ በሉ፤ በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ፋይል እዚያ ቦታ 8 አለው። በ32 ቢት የተሠራውን በራሳችሁ ላፕቶፕ ሉአ ለመጫን ስትሞክሩ «የተበላሸ ራስጌ» የሚል መልእክት የሚመጣው በዚህ ልዩነት ነው እንጂ ፋይሉ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። አንሉአክ ሁለቱንም ያነባል፤ መደበኛው ሉአክ ግን የራሱን መጠን ብቻ።

5.2 በራስጌው መጨረሻ ስድስት ባይት ጨመረ፦ 25፣ 147፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። ከ5.3 ጀምሮ እነዚሁ ከፎርማቱ ባይት ቀጥለው ይመጣሉ። ሥራቸው ፋይሉ በጽሑፍ መልክ ተልኮ የመስመር ምልክቱ ከተቀየረ ወዲያው እንዲታወቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአሥራ ስድስትዮሽ 19 እና 93 ሆነው ይነበባሉ፤ ሉአ ብራዚል ውስጥ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነውና።

በ5.1 ከራስጌው ቀጥሎ የምንጭ ፋይሉ ስም ርዝመት ይመጣል። ርዝመቱ 0 ከሆነ ስክሪፕቱ ተገፍፏል፦ የተለዋዋጮች ስምና የመስመር ቁጥር የለም። ስም ካለ ተደሰቱ፤ የሎካል ተለዋዋጮቹም (በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉት) ስም አብሮ አለ ማለት ነው፤ ሥራችሁ በግማሽ ቀለለ።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ፣ ፋይሉን በሰቨን-ዚፕ እመቁት። መጠኑ በደንብ ከቀነሰ ውስጡ ቅርጽ አለው፤ የማታውቁት ፎርማት ነው። ፈጽሞ ካልቀነሰ ወይ ታምቋል ወይ ተቆልፏል። በተቆለፈ ፋይል ላይ ዲኮምፓይለር ማስነሣት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ጌሙ የእናንተ ወይም የቡድናችሁ ከሆነ ቁልፉን ከሠራው ሰው ጠይቁ፤ የሌላ ሰው ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ቁልፍ ያደረገ ባለቤት አትንኩ ብሏል።

ከዲኮምፓይለሩ በፊት ዝርዝሩን ማየት

ሉአክ ዝርዝር የሚያወጣ አማራጭ አለው፦ ሰረዝና «ኤል»። አንዴ ከተጻፈ ትእዛዞቹን፣ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ቋሚዎቹን (ኮዱ ውስጥ የተጻፉትን ቁጥሮች፣ ስሞችና ጽሑፎች) እና የሎካል ስሞቹንም ያወጣል። አንሉአክም ዲስአሰምብል (ባይትኮዱን በትእዛዝ ዝርዝር የሚያወጣ) የሚል አማራጭ አለው። ዝርዝሩን ማንበብ መቻል ግዴታ ነው፤ ዲኮምፓይለሩ ሲሳሳት ዳኛው እሱ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የቅጥቅጥ መንዳት ጌም አለ እንበል። ነዳጅ ከ5 በታች ሲሆን የሚያስጠነቅቀው ፈንክሽን በ5.1 ሰባት ትእዛዝ ይሆናል፦

1 ጌትግሎባል 0 −1 (ፊዩል)
2 ኤልቲ 0 0 −2 (5)
3 ጃምፕ 3 (ወደ 7)
4 ጌትግሎባል 0 −3 (ዋርን)
5 ሎድኬ 1 −4 («ነዳጅ ሊያልቅ ነው»)
6 ኮል 0 2 1
7 ሪተርን 0 1

ጌትግሎባል ግሎባል (በሁሉም ቦታ የሚታይ) ተለዋዋጭን፣ ሎድኬ ቋሚን ይጭናል፤ ኮል ፈንክሽን ይጠራል፤ ሪተርን ይመለሳል። ኔጌቲቭ ቁጥሮቹ የቋሚዎች ተራ ናቸው፤ ከሌሎቹ ብዙዎቹ ሬጅስተሮች (ዋጋ ለጊዜው የሚቀመጥባቸው ቦታዎች)። ሁለተኛው መስመር ላይ ብዙዎች ይገለብጡታል። ኤልቲ «ያንሳል ወይ» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ከመጀመሪያው ቁጥር (እዚህ 0፣ ማለትም ሐሰት) ከተለየ ቀጣዩን ትእዛዝ ይዘላል። ነዳጁ ካነሰ መልሱ እውነት ነው፣ ከ0 ይለያል፣ ጃምፑ ይታለፋል፣ ማስጠንቀቂያው ይነበባል። ካላነሰ ጃምፑ ወደ 7 ይወስዳል። ሉአ 5.1 «ይበልጣል» የሚል ትእዛዝ የለውም፤ ሁለቱን ጎኖች አገላብጦ «ያንሳል» ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ዲኮምፓይለሩ «5 ከፍጥነት ያንሳል» ቢላችሁ አትገረሙ፤ ጸሐፊው «ፍጥነት ከ5 ይበልጣል» ብሎ ሊሆን ይችላል። ስድስተኛው መስመር ላይ ከ2 አንድ ሲቀነስ ለፈንክሽኑ የሚሰጠው ዋጋ አንድ፣ ከ1 አንድ ሲቀነስ የሚመለሰው ዋጋ ዜሮ ይሆናል።

ሰባተኛው መስመር ሌላ ጥቅም አለው። በ5.1 እያንዳንዱ ፈንክሽን በዚሁ ይዘጋል፤ ባይቶቹም 30፣ 0፣ 128፣ 0 ናቸው። ይህን ተራ በሄክስ ኤዲተሩ ፈልጉ፤ ቢያንስ በፈንክሽኖቹ ቁጥር ልክ መገኘት አለበት። ራስጌው ትክክል ሆኖ ይህ ከሌለና በየፈንክሽኑ መጨረሻ ለምሳሌ 17፣ 0፣ 128፣ 0 ካገኛችሁ፣ የጌሙ ሠሪዎች የትእዛዞቹን ቁጥር በራሳቸው ሉአ ውስጥ አቀያይረዋል ማለት ነው። ዲኮምፓይለሩ በዚህ ጊዜ ወይ ይወድቃል ወይም፣ ይህ የባሰው ነው፣ ትርጉም የለሽ ኮድ በሙሉ ልብ ይጽፋል። መፍትሔው አንድን ስክሪፕት በጌሙ ኮምፓይለርና በመደበኛው ሉአክ አስተርጉሞ ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። የ5.1 ትእዛዞች ከ0 እስከ 37 ያሉ 38 ናቸው፤ የተገኘውን ቅያሪ ለአንሉአክ በኦፕማፕ አማራጭ (ከፊቱ ሁለት ሰረዝ) ትሰጡታላችሁ።

ማስኬድ፣ ከዚያ መጠራጠር

አንሉአክን በጃቫ አስነሥታችሁ የፋይሉን ስም ትሰጡታላችሁ፤ በአውትፑት አማራጭ ውጤቱን ሌላ ፋይል ላይ ታስቀምጣላችሁ። አማርኛ ያለበት ስክሪፕት ከሆነ ሮውስትሪንግ የሚባለውን አማራጭ አትርሱ። አለዚያ «ሰላም» የሚለው ቃል 225፣ 136፣ 176፣ 225፣ 136፣ 139፣ 225፣ 136፣ 157 የሚሉ በግራ ዘንበል ምልክት የተያዙ ቁጥሮች ሆኖ ይወጣል። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሁሉም 225 ብሎ ከጀመረ ግዕዝ መሆኑን ገምቱ። ስሕተት አይደለም፤ ግን አይነበብም።

ከፎልደሩ መጀመሪያ ትንሹን ፋይል አውጡ፤ ሲስተካከል ብቻ ሁሉንም።

አሁን የሚበላሸውን እንይ። የተገፈፈ ስክሪፕት ላይ ሎካል ተለዋዋጭ የት እንደጀመረ በእርግጥ አይታወቅም፤ ሬጅስተሩ ለጊዜው ይዞት የነበረውን ዋጋ ዲኮምፓይለሩ ተለዋዋጭ ያደርገዋል ወይም በተቃራኒው። በዚህ የተነሣ አንድ ፈንክሽን ውስጥ የሎካሎች ብዛት ከ200 አልፎ ኮዱ መልሶ ኮምፓይል ላይሆን ይችላል፤ በ5.1 ገደቡ ያ ነው። ጊዜያዊዎቹን ወደ አንድ መስመር ማዋሐድ ወይም በዱ እና ኤንድ (ብሎክ በሚከፍቱና በሚዘጉት የሉአ ቃላት) መከለል ይፈታዋል።

ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ ሉፕ ሆኖ ብሬክ (ከሉፕ መውጫ) ያለበት ኮድ ሁለተኛው ችግር ነው። ባይትኮዱ ውስጥ ያለው ጃምፕ ብቻ ስለሆነ ከብሬክ፣ ከኤልስና ከሪፒት የትኛው እንደነበረ ቅርጹን አይቶ መገመት ነው። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ጃምፑ የሚያርፍበትን ቁጥር በወረቀት ላይ ቀስት ሥሩበት። ወደ ኋላ የሚመለስ ቀስት ሉፕ ነው፤ ከሉፑ ቀጥሎ የሚያርፍ ወደ ፊት የሚሄድ ቀስት ብሬክ ነው።

ፈንክሽን በፈንክሽን ውስጥ ሲሆን፣ በ5.1 ከክሎዠር ትእዛዝ (የውስጡን ፈንክሽን ከሚሠራው) ቀጥለው የሚመጡት ሙቭ ወይም ጌትአፕቫል የሚሠሩ ትእዛዞች አይደሉም፤ የትኛው የውጭ ተለዋዋጭ እንደተያዘ የሚናገሩ ናቸው። ዝርዝር ስታነቡ እንደ ተራ ትእዛዝ ከቆጠራችኋቸው ኮዱ የሌለ ዋጋ ሲያዘዋውር ይታያችኋል።

ረጅም ሰንጠረዥ በ50፣ 50 ተቆርጦ ነው የሚሞላው። የከተሞች ዝርዝር ከ50 በላይ ሆኖ ደካማ መሣሪያ ከተጠቀማችሁ ሸዋ ሮቢት ከደብረ ሲና በፊት ልትመጣ ትችላለች፤ የመጀመሪያውንና 51ኛውን አረጋግጡ።

ቁጥሮችም ያታልላሉ። ጸሐፊው 60 ሲባዛ በ60 ሲባዛ በ24 ብሎ ከነበረ ኮምፓይለሩ አስልቶ 86400 ነው የጻፈው፤ ማብዛቱ አይመለስም። ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ በ14 አኃዝ ብቻ ከታተመ መልሶ ሲነበብ ጥቂት ሊለይ ይችላል፤ 17 አኃዝ ሁልጊዜ ይበቃል። አስተያየቶችማ ለዘለዓለም ጠፍተዋል፤ ባይትኮድ ውስጥ ገብተው አያውቁም።

ማረጋገጫው

የወጣውን ኮድ በዚያው ቨርዥን ሉአክ፣ በመግፈፍ አማራጭ (ሰረዝ ኤስ) ኮምፓይል አድርጉት። ከዚያ የመጀመሪያውንም የአዲሱንም ዝርዝር አውጥታችሁ በዊንመርጅ አስተያዩ። የሜሞሪ አድራሻና የመስመር ቁጥር ይለያያል፤ እነዚያን አስቀድማችሁ በመፈለግና በመተካት አጥፏቸው። የቋሚዎች ተራም ሊቀያየር ይችላል፤ ይዘቱ እስከገጠመ ጉዳት የለውም። የትእዛዝ ልዩነት ግን በአንድም ፈንክሽን ቢሆን አይታለፍ፤ በተለይ እንደ ኤልቲ ያለ የሙከራ ትእዛዝ የመጀመሪያ ቁጥር ከ0 ወደ 1 ከተለወጠ ሁኔታው ተገልብጧል።

ያልገጠመውን ፈንክሽን ብቻ በእጅ አስተካክሉ። እምቢ ካለና የምትፈልጉት ጽሑፍ መተርጎም ብቻ ከሆነ ዲኮምፓይል ማድረጉን ተዉት፦ በአንሉአክ ዲስአሰምብል አድርጋችሁ ቋሚውን ጽሑፍ ለውጡና በአሰምብል አማራጩ መልሱት። ለትርጉም ሥራ ከሁሉም የሚያስተማምነው መንገድ ይህ ይመስለናል፤ ሎጂኩን ጨርሶ አይነካውምና።

ከገጠመ በኋላ ብቻ ስም መስጠት ይጀመራል። በሬጅስተር ቁጥር የተሰየሙትን ተለዋዋጮች ከጫፍ ጀምሩ፦ ግሎባሎችና የሰንጠረዥ መስኮች ስማቸው አልጠፋም፣ በጽሑፍ የሚጠሩ ስለሆኑ። «ፊዩል» ከሚለው መስክ የተቀዳ ሬጅስተር ነዳጅ ነው፤ ከእሱ የሚቀነሰው ፍጆታ ነው። በየአሥር ስም ለውጥ መልሳችሁ ኮምፓይል አድርጉ፤ የስም ለውጥ ባይትኮዱን መቀየር የለበትም፣ ከቀየረ ሁለት ተለዋዋጮችን አንድ አድርጋችኋል።

ሉአጂትና ፓይተን

ሉአጂት ላይ አራተኛው ባይት 1 ከሆነ 2.0፣ 2 ከሆነ 2.1 ነው። 2.1 በመሀል ትእዛዞች ስለጨመረ ለ2.0 የተሠራ መሣሪያ ቁጥሮቹን ያንሸራትታል። ቀጥሎ ያለው ባይት ምልክቶችን ይይዛል፤ 2 ካለበት የተገፈፈ ነው። ዝርዝሩን ራሱ ሉአጂት ያወጣል፤ ዲኮምፓይለሮቹ ግን እንደ አንሉአክ የበሰሉ አይደሉም፣ ማረጋገጫውን አጥብቁት።

ፓይተን 2.7 በ3፣ 243፣ 13፣ 10 ይጀምራል፤ አራት ባይት የጊዜ ማኅተም ይከተላል፤ ዘጠነኛው ባይት 99 ነው። አንዳንድ ጌም ራስጌውን ቆርጦ በ99 ስለሚጀምር ስምንቱን ባይት ከፊቱ መመለስ በቂ ነው። አንኮምፓይል6 የሚባለው ዲኮምፓይለር 2.7ን በደንብ ይመልሳል። ፓይተን የሎካል ስሞችን ስለሚይዝ የሚወጣው ኮድ ከሉአ ይልቅ ለዓይን ይቀላል።

አማርኛውን ማስገባት

በሄክስ ኤዲተር ጽሑፍ ላይ ጽሑፍ መጻፍ የማይሆነው በርዝመቱ ነው። «ነዳጅ ሊያልቅ ነው» ዘጠኝ ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ፣ 29 ባይት ነው፤ በ5.1 መዝጊያው ዜሮ ተጨምሮ የርዝመት ቁጥሩ 30 ይሆናል። የእንግሊዝኛው «ሎው ፊዩል» 9 ብቻ ነበር። አዲስ ኮምፓይል ግን ርዝመቱን ራሱ ያሰላል።

ኮዱ ውስጥ ስትሪንግ-ሰብ (ጽሑፍ የሚቆርጠው) እና ስትሪንግ-ሌን (ርዝመቱን የሚለካው) የሚሉትን ፈልጉ። ሁለቱም የሚቆጥሩት ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ንግግርን ፊደል በፊደል የሚያሳይ ስክሪፕት «ደ»ን ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል፤ በመሀሉ ስክሪኑ ላይ የተሰበረ ምልክት ይታያል። እርምጃውን፣ ባይቱ ከ128 በላይ ሲሆን፣ ወደ 3 ማሳደግ ለአማርኛ ፊደላት ይበቃል። ባዶ ሳጥን ከታየ ችግሩ ኮዱ ሳይሆን ፎንቱ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነጻ ይገኛሉ። ጌሙ በሥዕል የተዘጋጀ ፎንት የሚጠቀም ከሆነ ግን ፊደሎቹን ሁሉ፣ ዲቃላዎቹን ጭምር፣ በአዲስ ሥዕል ላይ ማዘጋጀት ይኖርባችኋል።

ፋይሉን ስትመልሱ ብዙ ጊዜ ኮምፓይል ማድረግም አያስፈልግም። ሉአ የመጀመሪያው ባይት 27 ከሆነ ባይትኮድ፣ ካልሆነ ጽሑፍ ብሎ ይቀበላል፤ ጌሙ ካልከለከለ በቀር ንጹሕ ኮዱን በዚያው የፋይል ስም ማስቀመጥ ይበቃል። የተለወጠ ኤፒኬ እንደገና መፈረም አለበት፤ በሌላ ፊርማ የተጫነው ካልጠፋ አዲሱ አይገባም፣ እሱን ማጥፋት ደግሞ የተጫወታችሁበትን ሴቭ ይዞ ይሄዳልና አስቀድማችሁ ቅዱት። ኤዲተራችሁ ፋይሉን «ዩቲኤፍ-8 ያለ ቦም» አድርጎ ማስቀመጡንም እዩ። ቦሙ፣ ማለትም 239፣ 187፣ 191 የሚሉት ባይቶች፣ ከፊት ከገባ ሉአ 5.1 የመጀመሪያው መስመር ላይ «ያልተጠበቀ ምልክት» ብሎ ይቆማል።